ከአንድ የሙዚቃ ማኅደር ሦስት ስቴሪዮዎችን በገመድ አልባ ማጫወት (የድንጋይ ቤትና የቆርቆሮ ማድ ቤት)

ባለ ዴኩ (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ረዘም ያለ ስለሆነ ትዕግሥታችሁን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። አባቴ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያጠራቀሟቸውን 240 ያህል ካሴቶችና 90 ሲዲዎች በሁለት ክረምት ወደ ላፕቶፕ ገልብጬ ጨርሻለሁ። ካሴት የሚገለበጠው በሚጫወትበት ፍጥነት በመሆኑ ባለ 60ው 60 ደቂቃ፣ ባለ 90ው 90 ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። ሁሉንም ጥራት በማይቀንሰው፣ ፍላክ በሚባለው የፋይል ዓይነት ስላስቀመጥኋቸው በጠቅላላው 120 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይዘዋል።

አሁን የምፈልገው ይህን ማኅደር ገመድ ሳልዘረጋ በግቢያችን ባሉት ሦስት ስቴሪዮዎች ማጫወት ነው። አንደኛው ሳሎን ያለው የአባቴ አሮጌ አምፕሊፋየር ከነዴኩ ነው። ሁለተኛው እናቴ ማድ ቤት ያስቀመጡት ትንሽ ስቴሪዮ ሲሆን፣ ሦስተኛው በመንገዱ በኩል ታናሽ ወንድሜ በሚሠራበት ሱቅ ውስጥ ይገኛል። በአዘቦት ቀን ሦስቱም የየራሳቸውን ቢያጫውቱ ደስ ይለኛል፤ አባቴ በዐቢይ ጾም ከበገና ሌላ አይሰሙም፣ ወንድሜ ግን በበገና ደንበኛ አይጠራም ብሎ ይሟገታል። በበዓል ቀን ደግሞ አንዱ ዘፈን ከሦስቱም እኩል እንዲወጣ እሻለሁ።

ብሉቱዝ ሞክሬ ሳሎን ካለው ላፕቶፕ ማድ ቤት ሳይደርስ ቀረ። ቀጥዬ አንዱን ረጅም ፋይል በሦስት ስልኮች ላይ ጭኜ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን ቆጥረን አስጀመርነው። መጀመሪያ ላይ እንደምንም ደኅና ነበር፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ማሲንቆው ራሱን ከኋላ የሚከተል ይመስል ጀመር። የቤቱ ግድግዳ 60 ሳንቲሜትር የሚወፍር ድንጋይ ነው፤ ማድ ቤቱ በቆርቆሮ የተሠራ ሆኖ ከሳሎኑ በር 17 ሜትር ይርቃል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰርቨር በጓዳ (ደብረ ብርሃን)

እንኳን ደኅና መጡ። 240 ካሴት በትዕግሥት የገለበጠ ሰው የቀረው ሥራ ቀላሉ ነው።

በስልኮቹ የገጠመዎት ነገር የማንም ጥፋት አይደለም። እያንዳንዱ መሣሪያ ድምፁን የሚያወጣው በውስጡ ባለው የክሪስታል ሰዓት እየተመራ ነው። የሁለት መሣሪያዎች ሰዓት ከአንድ ሚሊዮን ውስጥ በ50 ብቻ ቢለያይ እንኳ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልዩነቱ 180 ሚሊሰከንድ ይደርሳል፤ ይህም ለጆሮ ጥርት ያለ ማስተጋባት ነው። ስለዚህ ችግሩ እኩል ማስጀመሩ ላይ ሳይሆን እኩል ማቆየቱ ላይ ነው፤ ሦስቱንም እያየ ወደፊት የሮጠውን የሚጎትትና ወደኋላ የቀረውን የሚገፋ አንድ አዛዥ ያስፈልጋል። ብሉቱዝ ደግሞ በተለመደው አሠራሩ ከአንድ ላኪ ወደ አንድ ተቀባይ የሚሄድና ወደ አሥር ሜትር ግድም የሚደርስ ነውና ለዚህ ግቢ አልተፈጠረም።

ለእርስዎ የሚስማማው ሊሪየን ሚዩዚክ ሰርቨር ይመስለኛል። በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ሲሆን መነሻው ስሊም ዲቫይስስ የተባለው ድርጅት ነው። ሎጂቴክ ድርጅቱን በ2006 እ.ኤ.አ. ገዛው፤ ስኩዊዝቦክስ የሚባሉትን ማጫወቻዎች በ2012 ማምረት ቢያቆምም ፕሮግራሙን ተጠቃሚዎቹ አልተዉትም፤ አሁን የያዘውን ስም ያገኘው በ2024 ነው። ሰርቨሩ ላፕቶፕዎ ላይ ተጭኖ ማኅደሩን ያደራጃል፣ ሦስቱን ማጫወቻዎች አንዳንድ ጊዜ በየግላቸው፣ አንዳንድ ጊዜ በቡድን ያዛል፤ እርስዎ ደግሞ ከስልክዎ ሆነው ይመርጣሉ። ዲኤልኤንኤ የሚባለውን፣ መሣሪያዎች በቤት ኔትወርክ ፋይል የሚለዋወጡበትን ሥርዓት የሚመክርዎ ሰው ቢመጣ፣ ፋይል ለማድረስ ደኅና መሆኑን ተቀብለው ማጫወቻዎችን እኩል የማስኬድ ግዴታ ግን እንደሌለበት ይንገሩት።

በየስቴሪዮው ጀርባ ማጫወቻ የሚሆን አንዳንድ ራስበሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብሊው የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ያስቀምጡ። ይህ ሞዴል የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ስለሌለው ዳክ የሚባለውን የድምፅ ካርድ መጨመር የግድ ነው። በላዩ ላይ ፓይኮርፕሌየር የተባለውን የማጫወቻ ፕሮግራም ይጫኑበት። ይህን የምመርጠው ከተነሣ በኋላ ሙሉ በሙሉ በጊዜያዊ ሚሞሪው (በራም) ላይ ስለሚሠራ ነው፤ መብራት ባልታሰበ ሰዓት ቢሄድ ሚሞሪ ካርዱ ላይ የሚጻፍ ነገር ስለሌለ ካርዱ አይበላሽም። እዚህ አገር ይህ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ መናገር አያሻኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ላፕቶፑን በዋይ ፋይ አያገናኙት፣ በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር ያያይዙት። ላፕቶፑም ማጫወቻውም ገመድ አልባ ከሆኑ እያንዳንዱ ዘፈን አየሩን ሁለት ጊዜ ይሻገራል፤ አንዴ ከላፕቶፕ ወደ ራውተር፣ አንዴ ከራውተር ወደ ማጫወቻ። ፍላክ በሰከንድ ከ1 ሜጋቢት ብዙም አይበልጥም፤ ግድግዳ በሌለበት ሜዳ ይህ ኢምንት ነው፤ በ60 ሳንቲሜትር ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ግን የእያንዳንዷ ሜጋቢት ዋጋ ይወደዳል። ገመድ ሳልዘረጋ ብለዋልና፣ ይህች ከላፕቶፕ ራውተር ያለችው አንድ ሜትር ትፈቀድልኝ።

ለዚህ ሁሉ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ራውተሩ እስከበራ ድረስ መስመር ቢቋረጥም ሙዚቃው ይቀጥላል። ማጫወቻዎቹን ግን ለእንግዳ በተከፈተው የዋይ ፋይ ስም ላይ እንዳያስገቧቸው፤ እዚያ የገቡ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው እንዳይተያዩ አብዛኛውን ጊዜ ይታገዳሉ፣ ሰርቨሩም አያገኛቸውም።

ቀጭን ጆሮ (ደብረ ሲና)

ይህን ሁሉ ድካም ከማየት ለምን በገመድ አልባ እኩል የሚጫወቱ የተዘጋጁ ስፒከሮች አይገዙም? የአፕል ኤርፕሌይ 2 ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ክፍሎችን በአንድነት ያጫውታል።

ሰርቨር በጓዳ

ያጫውታል፤ ነገር ግን የአባታቸውን አምፕሊፋየር ወዴት ያደርጉታል? ጠያቂው ስፒከር አልቸገራቸውም፣ ያላቸውን ስቴሪዮ የሚያገናኝ ነገር ነው የቸገራቸው። ለዚሁ የተሠራችው ክሮምካስት ኦዲዮ የምትባለው ትንሽ መሣሪያ በ2015 እ.ኤ.አ. ወጥታ በ2019 መጀመሪያ ላይ ምርቷ ቆሟል፤ አንድ ድርጅት ውሳኔውን ሲለውጥ ቤትዎ ያለው ዕቃ ወላጅ አልባ ይሆናል።

የመሐል ሜዳ ልጅ (መንዝ)

በግድግዳው በኩል የመንዝ ሰው ልምድ አለውና ጣልቃ ልግባ። የእኛም ቤት የድንጋይ ነው። ራውተሩን ሳሎን መሐል ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ማስቀመጥ ሁላችንም የምንሠራው ስሕተት ነው። እኔ ግድግዳን ከመውቀስ መስኮትን መለመን ይሻላል ብዬ ራውተሩን ወደ ግቢው በሚያየው መስኮት ደፍ ላይ አዛወርሁት፤ ከዚያ በኋላ እህል ማስቀመጫው ቤት ድረስ ደረሰልኝ። የቆርቆሮው ማድ ቤት ግን ከድንጋዩም ይብሳል፤ ድንጋይ ሞገዱን ያዳክመዋል፣ ቆርቆሮ መልሶ ይወረውረዋል። ሞገዱ የሚገባው በበሩና በክፍተቱ ብቻ ስለሆነ ማጫወቻውን በሩን በሚያይ ቦታ ላይ ይስቀሉት። 5 ጊጋኸርዝ የሚለውን የዋይ ፋይ ሞገድ ይርሱት፤ 2.4 በግድግዳ ውስጥ የተሻለ ያልፋል፣ ዜሮ 2 ደብሊው የሚያውቀውም እሱኑ ብቻ ነው።

ሌላ ሰው የማያነሣው አንድ ነገር አለ። ማኅደሩ የተቀመጠው በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ ከፍታውን ያስቡበት። የዲስኩ አንባቢ ከሳሕኑ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ላይ ነው፤ አየር ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። ብዙ አምራቾች እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ ብቻ ዋስትና ይሰጣሉ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ብትሆንም ከወሰኑ በታች ናት፤ መሐል ሜዳ ግን ከ3,000 አልፋለች፣ ወሰኑ አጠገብ ቆመን ነው የምናጫውተው ማለት ነው። እኔ ሁለት ዲስክ ካንቃቃብኝ በኋላ የሚሽከረከር ነገር ወደሌለው ኤስኤስዲ ዞሬያለሁ። ከፍታው ይሁን የመብራቱ መሄድ መምጣት፣ የገደላቸውን በእርግጠኝነት አልናገርም፤ ሆኖም በዚህ ብርድ አገር ዲስክ በርዶ ሲነሣ የሚያሰማውን ድምፅ የሰማ ሰው ይረዳኛል።

የአንኮበሯ

እኔ ስለ ሽቦና ሞገድ አላውቅም፤ ስለ ማኅደር አደረጃጀት ግን ከባለቤቴ ጋር ለአንድ ዓመት የተጨቃጨቅሁበት ጉዳይ ስለሆነ ልናገር። ሰርቨሩ ዘፈኖቹን የሚያደራጀው በፋይሉ ውስጥ በተጻፈው ስም ነው። እሱ ደግሞ ፊደልን እንጂ ድምፅን አያውቅም። ጥላሁን ገሠሠን አንዱ ካሴት ላይ በንጉሡ ሠ፣ ሌላው ላይ በእሳቱ ሰ ከጻፏቸው ሁለት ዘፋኞች ይሆናሉ። ከሲዲው የመጡት ፋይሎች በላቲን ሆሄያት ከተጻፉ ሦስተኛ፣ የፊደል አጣጣሉ ከተለያየ አራተኛ ጥላሁን ይወለዳሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ እንዲሁ ናቸው። አስቀድመው አንድ ዝርዝር ያውጡና የእያንዳንዱን ድምፃዊ ስም አንድ ጊዜ ይወስኑ፣ ከዚያ ወዲያ ያንኑ እየገለበጡ ይለጥፉ እንጂ በእጅ አይጻፉ።

ሁለተኛው ወጥመድ ዓመተ ምሕረቱ ነው። የካሴቱ ሽፋን በእኛ አቆጣጠር 1979 ይላል፤ ያው ሥራ በሲዲ ከውጭ ሲታተም 1987 ተብሎ ይመጣል፤ ሰርቨሩም ስምንት ዓመት የሚለያዩ ሁለት አልበሞች አድርጎ ይደረድራቸዋል። እኛ በክርክር ብዛት የአውሮፓን አቆጣጠር በዓመቱ ቦታ፣ የእኛን ደግሞ በአስተያየቱ ቦታ ለመጻፍ ተስማምተናል።

በዘውግ ቦታ ደግሞ ትርጉም የሌለውን የውጭ ቃል ከመተው ይልቅ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ብላችሁ ቅኝቱን ብትጽፉበት በቅኝት መምረጥ ትችላላችሁ። አባትዎ ቅኝት ለይተው የሚሰሙ ከሆነ አጠገባቸው ተቀምጠው ያስወስኗቸው፤ የእኔ አባት በዚህ ሥራ ሦስት ወር ሙሉ ደስ ብሏቸው ከርመዋል።

ባለ ዴኩ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተባልሁትን ሁሉ ሠርቼ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው የምጽፈው።

ሳሎኑ ተሳክቷል፤ መጀመሪያ ላይ ግን አሳፍሮኝ ነበር። አምፕሊፋየሩ ከኋላው አራት ጥንድ ቀይና ነጭ ቀዳዳ አለው፤ አባቴ ሸክላ ማጫወቻ ስለሌላቸው ባዶ የሆነውን ፎኖ የሚለውን መርጬ ሰካሁት። ድምፁ ሲወጣ ወፍራም፣ የተጨናነቀና የሚያንቋርር ሆኖ አገኘሁት፤ አባቴም ከወንበራቸው ሳይነሡ «ይህ ዘፈን ነው ወይስ ወፍጮ?» አሉኝ። ለካ ፎኖ የሚለው መግቢያ የሸክላ መርፌ የሚያወጣውን እጅግ ደካማ ድምፅ በብዙ እጥፍ ሊያጎላ፣ ሸክላው ሲቀረጽ የተቀነሰውንም ወፍራም ድምፅ መልሶ ሊጨምር የተሠራ ነው። ኦክስ ወደሚለው ተራ መግቢያ ሳዛውረው ጠራ።

ሱቁም ደኅና ነው። ራውተሩ መስኮት ደፍ ላይ ከወጣ ወዲህ ሲግናሉ በቂ ሆኗል። በአንኮበሯ እኅቴ ምክር ስሞቹን ሳስተካክል ጥላሁን ገሠሠ ከአምስት ወደ አንድ ተመልሰዋል።

ማድ ቤቱ ግን አስቸግሮኛል። ማጫወቻውን በሩን በሚያይ ቦታ ሰቅዬው ሲግናሉ ጥሩ ነው፣ ለቀናት ያለ ችግር ይጫወታል። ከዚያ ድንገት ጸጥ ይላል፣ ከአንድ ደቂቃ ያህል በኋላ ተመልሶ ይጀምራል፣ እንደገና ጸጥ ይላል። እናቴ «የእኔን ብቻ ለይታችሁ ነው ወይ ያበላሻችሁት» ማለት ጀምረዋል።

ሰርቨር በጓዳ

በዋይ ፋይ ብልጭ ድርግም ሲል አንድ ደቂቃ ጠብቆ አይመለስም፣ በሰከንዶች ውስጥ ይጣበቃል። አንድ ደቂቃ ማለት ፓዩ ጠፍቶ እንደ አዲስ እየተነሣ ነው። እንዲያም ሆኖ አስቀድመው የዋይ ፋይ ኃይል ቁጠባውን ቢያጠፉና የራውተሩን ቻናል ቢቀይሩ አይጎዳም። ሰዓቱን እየመዘገቡ ቢያዩት ይሻላል።

ሽቦ ቀጣይ (ሸዋሮቢት)

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። የሚጠፋው እናትዎ እንጀራ በሚጋግሩበት ቀን ነው?

ባለ ዴኩ

ወንድሜ፣ እንዴት አወቅህ? የጻፍሁትን ተመልሼ ሳየው ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሁለቱም የመጋገሪያ ቀን ናቸው። እኔ የሰው መብዛት ወይም እንፋሎቱ መስሎኝ ነበር።

ሽቦ ቀጣይ

ሥራዬ ስለሆነ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል፤ ይህ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ13 አምፔር በላይ ነው። ምጣዱና የማጫወቻው ቻርጀር ከቤቱ በአንድ ቀጭን ሽቦ የሚመጡ ከሆነ ምጣዱ በተሰካ ቁጥር ቮልቱ ይወርዳል። ጥሩ ቻርጀር ይህን ይችለዋል፤ ርካሹ የስልክ ቻርጀር ግን የሚያወጣው 5 ቮልት አብሮ ይንሸራተታል። ራስበሪ ፓይ ከ4.63 ቮልት በታች ሲወርድበት ያስጠነቅቃል፣ ከዚያም ሲብስ ይወድቃል።

በቴስተር ምጣዱ ሳይሰካና ተሰክቶ ሶኬቱን ይለኩ። ልዩነቱ ከፍተኛ ከሆነ ግን ጉዳዩ የሙዚቃ መሆኑ ቀርቷል። የጠፋው ቮልት የትም አይሄድም፣ ሽቦው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በተለይ ማያያዣው ላይ። ቆጣሪውን አጥፍተው ማያያዣዎቹን ያዩ፤ ካልለመዱት ደግሞ ባለሙያ ይጥሩ እንጂ በራስዎ አይግቡበት።

ባለ ዴኩ

ለካሁት። ምጣዱ ሳይሰካ 208 ቮልት፣ ተሰክቶ ሲግል 171። የሰፈራችንን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቼ ቆጣሪውን ካጠፋ በኋላ አብረን ሽቦውን ተከተልነው። ከዋናው ቤት ወደ ማድ ቤት የሚሻገረው ሽቦ ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር፣ እንጨቱ ላይ ተጠምዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሎ ነበር። ፕላስተሩ ሲፈታ እንደ ከሰል ዱቄት ረገፈ። ከሥሩ ያለው መዳብ ጠቁሮ፣ ከክሮቹ ገሚሱ ተበጥሰው፣ እንጨቱም ላይ አውራ ጣት የሚያህል ቡናማ ጠባሳ ወጥቶበት ነበር። ሠራተኛው ምንም ሳይናገር ጠባሳውን በጣቱ ነካ አድርጎ አሳየኝ። እናቴ በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ ከዚያ በታች ቆመው ይጋግሩ ነበር።

ሽቦው በወፍራም ተቀይሮ፣ ምጣዱ የራሱ መስመር ወጥቶለታል። አሁን ምጣዱ ተሰክቶ 197 ቮልት ይነበባል። ቻርጀሩንም ለፓይ ተብሎ በተሠራው ለወጥሁት። ሁለት ቅዳሜና ሁለት ማክሰኞ አልፈዋል፤ ማጫወቻው አንድም ጊዜ አልጠፋም።

የመሐል ሜዳ ልጅ

እግዚአብሔር አተረፋችሁ። እኔም ዛሬውኑ የእኛን ማያያዣ ላየው ነው።

ባለ ዴኩ

አሜን። የመጨረሻ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። ሦስቱንም በቡድን አድርጌ ሳጫውት ሳሎንም ማድ ቤትም ውስጥ ጥሩ ነው፤ ግቢው መሐል ስቆምም እኩል ይመጣሉ። ወደ ማድ ቤቱ በር ተጠግቼ ሳዳምጥ ግን የሳሎኑ ዘግየት ይላል። በቅንብሩ ውስጥ በሚሊሰከንድ የሚስተካከል የማዘግያ ቁጥር አይቻለሁ፣ ምን ያህል ላድርገው?

ሰርቨር በጓዳ

አይንኩት። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው፤ 17 ሜትሩን ለመሻገር 50 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የሚሰሙት የመሣሪያ ስሕተት ሳይሆን የግቢዎ ስፋት ነው። ማድ ቤቱን በ50 ቢያዘገዩት በሩ ላይ ለቆመው ይስተካከልና ሳሎን በር ላይ ለቆመው 100 ይሆንበታል። ያ ቁጥር የሚጠቅመው ሁለት ማጫወቻዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ዳካቸው ሲለያይ ነው። በበዓል ቀን ግቢው ውስጥ የሚቀመጥ እንግዳ ካለ የማድ ቤቱን ድምፅ ዝቅ አድርጎ የሳሎኑን መስኮት መክፈት ይበቃል።

ባለ ዴኩ

እንዲያ ከሆነ ቁጥሩን ዜሮ ላይ ትቼዋለሁ። እናቴ በነገራችን ላይ የስልኩን አጠቃቀም ከወንድሜ ተምረው፣ ትናንት ከማድ ቤት ሆነው የሱቁን ሙዚቃ ወደ በገና ቀየሩበት።